ምሳ ሰዓት ላይ የማይባል

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ ሱቃችን እየመጣ እንኳን ደስ አላችሁ ይለን ጀመር። መጀመሪያ የመጣችው ከጎናችን ሽቶ የምትሸጠው ኢክላስ ናት። እናቴን አቅፋ ሳመቻትና «አልሐምዱሊላህ፣ ሰላም ወረደ አይደል? በሬድዮ ሰማሁ» አለቻት። እናቴ ፔርሙስ ከካርቶን እያወጣች ነበር። «አሜን» ብላ ፔርሙሱን መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ከተተችው። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ ብርድ ልብስ አጥፋለሁ። አጥፌ ስጨርስ ፈትቼ እንደገና አጠፍኩት።

ዜናውን በጆሮዬ የሰማሁት ወደ ማታ ሲደገም ነው። «በጅግጅጋ ከተማ በሁለት ታዋቂ የነጋዴ ቤተሰቦች መካከል ተፈጥሮ የነበረው አለመግባባት በሽማግሌዎች ጥረት በእርቅ ተፈታ።» ቀጥሎ አንድ አዛውንት ስለ አብሮነት ተናገሩ። ከዚያ ዘፈን ገባ።

አለመግባባቱ እኔ ነኝ። የሌላኛው ነጋዴ፣ የጋሽ ገብረየስ ልጅ ማቲ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ ዕቃችንን በአይሱዙ የሚያመላልስልን፣ ከድንበሯ ከተማ ከአውበሬ ዕቃ ጭነን ስንመለስ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ አቆመ። ፖሊስ ጣቢያ አንድ ጊዜ ሁሉንም ዘርዝሬ ፈርሜያለሁ። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስሙ «ያ ነገር» ነው። እናቴ ለእርቅ የመጡትን ሽማግሌዎች ከነጋቢያቸው ከበር መልሳቸዋለች፤ ያኔም ያለችው «ያ ነገር በፍርድ ቤት ይታይልን» ነው።

ያን ቀን ያየችኝ መንገዳችን ላይ ባለችው ሸደር መግቢያ ሻይ የምትሸጠው ሂባቅ ብቻ ናት። ቀሚሴ ተቀዶ በባዶ እግሬ ከመኪናው ዘልዬ ስወርድ አየችኝ። ከበርሜል ውሃ ቀድታ ፊቴን አጠበችልኝ፤ የራሷን ሻርፕ ወገቤ ላይ አሰረችልኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። አቃቤ ሕጉ ያለ እሷ ቃል ማቲ በነፃ ሊወጣ እንደሚችል ነግሮኛል። ሰኞ ጠዋት ልትመሰክር «ወላሂ እመጣለሁ» ብላኝ ነበር።

እሁድ ሬድዮ ጣቢያው ደወልኩ። ዜናውን የሠራው ወልደአማኑኤል የሚባል ጋዜጠኛ ነው፤ ትሁት ሰው።

«ሳሌም እባላለሁ። እኛ አልታረቅንም» አልኩት።

«እህቴ፣ የነገሩን ሽማግሌዎቹ ናቸው።»

«እኛን ማን ጠየቀን?»

«ለእናንተ ክብር ብለን ነው። ስምሽንም አልጠራንም እኮ።»

«የሆነውንም አልጠራችሁም።»

«ዜናው ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚተላለፈው። ሰው ከልጆቹ ጋር ማዕድ ላይ ነው። እንዲህ ያለው ነገር በደፈናው ነው የሚባለው» አለኝ። ማስተካከያ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኩት፤ ለአለቃዬ እነግራለሁ አለ። ከዚያ ድምፁ ሞቅ አለና፣ እርቁ ሲፈጸም ከሁለቱም ወገን ቃለ መጠይቅ ቢያገኝ ደስ እንደሚለው ጨመረልኝ።

መናደድ ነበረብኝ፤ አልተናደድኩም። ሁለመናዬ እንደ ደነዘዘ እግር ነበር፣ ቢቆነጥጡት የሌላ ሰው የሚመስል። ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ተኛሁ።

ሰኞ ፍርድ ቤት ስንደርስ ሂባቅ የለችም። ጋሽ ገብረየስ በዘመድ ተከቦ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ተቀምጧል። ያለፈ ያገደመው «እንኳን ለሰላም አበቃችሁ» እያለ ይጨብጠዋል፤ እሱም እንደ ሙሽራ አባት «ተመስገን» ይላል። አቃቤ ሕጉ ሰዓቱን አይቶ «ምስክርሽ ካልመጣች…» ብሎ ጀመረና ተወው።

ሂባቅ ጋ ደወልኩ። የምናወራው በሶማሊኛ ነው። ከኋላዋ ፍየል ይጮሃል፣ የመኪና ጥሩንባ ይሰማል።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ወላል፣ እህቴ። ታርቃችሁ የለ እንዴ? በሶማሊኛውም ተነገረ እኮ፣ እዚህ ያልሰማ የለም። ቤተሰብ ከታረቀ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ቀረሁ።»

«አልታረቅንም።»

«ነጋዴዎች ተጣልተው ታረቁ ነው ያሉት።» አመነታች። «እኔ ያን ቀን ሌላ ነገር ያየሁ መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆን እንዴ እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ።»

የኔ ሶማሊኛ የገበያ ነው። ዋጋ አውቃለሁ፣ ቀለም አውቃለሁ፣ ደንበኛ መሸኘት አውቃለሁ። ይሄኛውን ቃል ያስተማረኝ የለም። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ በሩ ላይ ሴቶች የምትፈትሸውን ፖሊስ፣ ሙናን፣ እንዴት እንደሚባል ጠየቅኳት። ፊቴን አየችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ።

እኔ ግን በጆሮ አልተናገርኩትም። ከፍየሉም ከጥሩንባውም በላይ ለሂባቅ እንዲሰማት፣ ከነስሙ ጮክ ብዬ አልኩት። ሶማሊኛ የሚሰማ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

ሂባቅ የሻይ ብርጭቆዎቿን ስትሰበስብ ሰማሁ።

«እንግዲያው ዓይኔ አልተሳሳተም» አለች። «ዳኛውን ያዢልኝ። መኪና እያስቆምኩ ነው።»

እናቴ አግዳሚው ላይ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። እሷ ሶማሊኛ ከሱቅ ሰላምታ አያልፍላትም።

«ምን ብለሻት ነው ሰው እንዲህ የሚያየን?» አለችኝ።

«ማቲ ደፈረኝ ነው ያልኳት።»

ለእሷ በቃሌ ነግሬያት አላውቅም ነበር። ነጠላውን ከአፏ ላይ አወረደችና ወደ ኮሪደሩ መጨረሻ አየች።

«በአማርኛ ድገሚው» አለች። «ጮክ ብለሽ። ገብረየስም ይስማ።»