የፖስታው ጀርባ

የቴምብር ሰብሳቢዎች ማኅበር አባላት ጡረተኛውን ልብስ ሰፊ «ጋሽ መቀስ» ይሉታል። ለሙያው ብቻ ብለው አይደለም። ደብዳቤ እጁ ከገባ የፖስታውን ማዕዘን ቆርጦ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይነክራል፤ ቴምብሩ ሲላቀቅ በወረንጦ አንስቶ ጋዜጣ ላይ ያደርቀዋል፤ የቀረው ቅርጫት ይገባል።

የልጁንም ደብዳቤዎች ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል። ልጅቱ ሳታማክረው አግብታ ባሕር ማዶ ስለሄደች አኩርፏታል። ኩርፊያው ግን ቴምብሮቿን አይጨምርም ነበር! የምታነበውም የምትመልሰውም ሚስቱ ናት። አድራሻውን ቀድማ ትገለብጥና «በል እንካ፣ ቁረጥ» ብላ ፖስታውን ትሰጠዋለች።

የመጨረሻው ደብዳቤ ሲመጣ ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሱ እንደ ልማዱ ቆረጠ፣ ነከረ። ወረቀቱን ሳይገልጥ ትራሷ ሥር አኖረላት። ሳታነበው አረፈች።

ከቀብር በኋላ ልጁን ማርዳት የእሱ ፋንታ ሆነ። የልጁን ደብዳቤ ሲገልጥ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። «እማዬ፣ ከተማ ቀይረናል። አዲሱን አድራሻ ፖስታው ጀርባ ላይ ጽፌልሻለሁ» ይላል። ወደ ቅርጫቱ ዞረ። ፖስታው ከተጣለ ወር አልፎታል።

ቴምብሩም እጁ ላይ የለም። የፖስታ ቤት ማኅተም ያጨቀየውን ቴምብር አልበሙ ውስጥ አያስገባም፤ ለቴምብር ነጋዴው ሰጥቶት ነበር። በቤት ጫማው ወደ ሱቁ ሮጠ።

«ያን የጨቀየውን ፈልግልኝ!»

«ጋሽ መቀስ፣ ምን ነካዎት? እርስዎ እኮ ነጥብ ያረፈበት እንኳ አይወዱም።»

«ልጄ የእናቷን ሞት አልሰማችም። ያለችበት ከተማ ስም ማኅተሙ ላይ ነው።»

ነጋዴው የሱቁን በር ዘጋ። የርካሽ ቴምብሮቹን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠና ሁለቱም ማጉያ መነጽራቸውን ይዘው አቀረቀሩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ተገኘ። የከተማው ስም ከዳር እስከ ዳር ጠቁሮ ይነበባል። ጋሽ መቀስ እየደጋገመ አነበበው። አልበሙን ከሞሉት ንጹሕ ቴምብሮች አንዱም ይህን አይነግረውም ነበር።

የልጁንና የከተማውን ስም ብቻ ጽፎ መርዶውን ላከ። ያደርሱላት እንደሆነ ማን ያውቃል? በየቀኑ ፖስተኛውን በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ጀመር።

በሁለተኛው ወር መልስ መጣ። አመል ሆኖበት መቀሱን አነሣ። የፖስታውን ጀርባ አየ፤ አድራሻው በትልልቁ ተጽፏል። ፊቱን ገለበጠ፤ ቴምብር የለውም፤ ያለው በቴምብር ፋንታ የፖስታ ቤቱ ማሽን ያተመበት ቀይ የክፍያ ምልክት ብቻ ነው። ግራ ገብቶት ከፈተው።

«አባዬ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። እማዬን ብቻዬን አለቀስኳት። ቴምብር እንዳይለጥፉበት የፖስታ ቤት ሠራተኞቹን የለመንኳቸው፣ ይኼኛውን እንኳ እንድታነበው ብዬ ነው።»

ጋሽ መቀስ መቀሱን እንደያዘ አለቀሰ።