የተነሳው ደፍ

የአናጢው ቤት ደፍ ይነሳ ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ በገጠር ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት እየዞርኩ ማየት ነው፤ ደፉ ከፍ ያለ ከሆነ ቅጹ «ይነሳ» ይላል። የሳቸው አሥራ ሁለት ሴንቲ ነበር። ልጃቸው ከከተማ መጥታ አስነቀለችው፤ ቦታውንም በሲሚንቶ አስተካከለች።

ከዚያ ወዲህ በሁለት ወር ውስጥ እዚያው በሩ ላይ ሁለቴ ወደቁ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ያንን ደፍ እየረገጡ አርባ ዓመት ሲወጡ ሲገቡ ወድቀው አያውቁም።

ዛሬ ስደርስ ልጃቸው ልብሳቸውን ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነበር።

«ሲስተር፣ ብቻውን መኖር አይችልም ብለሽ ጻፊልኝና ይዤው ልሂድ።»

«ቆሜ እያየሁ እንደ ዕቃ ታሽጊኛለሽ?» አሉ አናጢው። «አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ልሠራ? ከሶፋ አልጋ፣ ከአልጋ ሶፋ?»

«ሰው ሜዳ ላይ ይወድቃል እንዴ፣ አባዬ?»

«እኔንም የገረመኝ እሱ ነው!»

ከግቢው ወደ ቤት እንዲገቡ ጠየቅኳቸው። ደህና ተራመዱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ቀኝ እግራቸው ከፍ አለና የሌለውን ደፍ ሊረግጥ ወረደ። ተንገዳግደው መቃኑን ያዙ።

«አባባ፣ እግርዎን ለምን አነሱት?»

«መቼ አነሳሁ?»

ሜትሬን አውጥቼ አስደገምኳቸው። እግራቸው አሥራ አንድ ሴንቲ ተነሳ። ቀጥሎ አሥራ አራት። በሦስተኛው እግራቸውን አጎንብሰው እያዩ ገቡ፤ ምንም አላነሱም።

«አየሽ? ሲፈልግ ይችላል!» አለች ልጃቸው።

ታዲያ ይችላሉ ልበል ወይስ አይችሉም? ቅጹን ገለባበጥኩት። መልስ የለውም።

«ደፉ ይመለስ» አልኩ በመጨረሻ።

«ይነሳ ያልሽው ራስሽ አይደለሽ እንዴ?»

«ነኝ።»

«አሁን የትኛዋን ሲስተር ልመን?»

አናጢው ከጓሮ አንድ ወፍራም ሳንቃ ይዘው መጥተው በሩ ላይ አጋደሙት። እንዳይንሸራተት ልጃቸው ተንበርክካ በሁለት እጇ ያዘችው። እሳቸው ወደ ፊት እያዩ ረገጡትና ገቡ፤ መቃኑን እንኳ አልነኩም።

«ልቀቂው፣ ምስማር ልምታበት።»

«ድገመው።»

ሰባት ጊዜ አስደገመችው። ከዚያ ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች።

«አንድ ወር እዚህ ትቆያለህ፣ አባዬ። ከዚያ በላይ እንዳትለምነኝ።»

«ወር ሲሞላስ?»

ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ እግራቸው አየሁ።

«እኔ እንጃ» አልኩ።