እኛ ዘንድ የለም

"እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የለም፤" አሉ ጋሽ ሥራዬ ማይክራፎኑን ጠበቅ አድርገው ይዘው። "እኔ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነኝ። ቤት ለቤት እየዞርኩ የታመመ ስጠይቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሕዝባችን መካከል ካናቢስን ለመድኃኒት የሚወስድ አንድም ሰው አላውቅም። ይህ ሕግ ለልጆቻችን መጥፎ በር ይከፍታል።"

ማንአልሞሽ ከፊት ወንበር ላይ ተራዋን ትጠብቃለች። የግዛቱ ምክር ቤት አባላት ማውንት ቤከር ሰፈር ወዳለው አዳራሽ የመጡት ሕዝቡ ስለ አንድ ረቂቅ ሕግ የሚለውን ለመስማት ነው። ሕጉ በጠና የታመመ ሰው፣ ሐኪሙ ከፈቀደለት፣ የካናቢስ መድኃኒቱን እዚያው በተኛበት ነርሲንግ ሆም፣ ማስታመሚያው ቤት ውስጥ፣ እንዲወስድ ይፈቅዳል። እሷና ጓደኞቿ ለዚህ ሕግ ወራት ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኩ ከርመዋል።

ጋሽ ሥራዬ አልዋሹም። ከየት ይወቁት? የባሏ የይርጉ ካንሰር አጥንቱ ውስጥ ከገባ ወዲህ ለሰው ሁሉ የተነገረው "ወገቡን ትንሽ አሞት ነው" የሚል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት የማያውቅ ሐበሻ የለም፤ እሱ ራሱ ሲታመም ግን ይረሳዋል። ይርጉማ መድኃኒቱንም ጭምር ነው የደበቀው። ጎረቤት ከተማ ዴ ሞይን የሚገኘው፣ እሱ የተኛበት ነርሲንግ ሆም የካናቢስ ጠብታውን በግቢው ውስጥ አይፈቅድም። ስለዚህ ማንአልሞሽ በየቀኑ ተሽከርካሪ ወንበሩን እየገፋች ከአጥር ውጭ ታወጣውና መንገድ ዳር፣ ዝናብ ላይ፣ ምላሱ ሥር ጠብ ታደርግለታለች። ያን ጊዜ ሕመሙ ጋብ ይልለታል፤ ይቀልዳል፣ እንቅልፍም ይወስደዋል።

ዛሬ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ደፍቶ፣ ከልጃቸው ከቢታንያ ጋር የኋላው ረድፍ ጥግ ላይ ነው። የመጣው ግን ቃል አስገብቷት ነው።

"ስሜን እንዳታነሺ፤" ብሏት ነበር መኪና ውስጥ። "አንቺ ኬርጊቨር አይደለሽ? ሶ፣ የማስታምመው ሰው አለ በያቸው።"

"ኦኬ፣ አላነሳም።"

ስሟ ተጠራና ተነሳች። ስለ መንገድ ዳሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ጠብታው ስለሚያስታግሰው ሕመም እንግሊዝኛዋ በፈቀደላት መጠን ተናገረች። ስትጨርስ አንዷ የምክር ቤት አባል ጠየቀቻት።

"ይህ ሰው ከእናንተ ማኅበረሰብ ነው?"

ማንአልሞሽ ዞር ብላ ባሏን ብታየው የሰው ዓይን ሁሉ ይከተላታል፤ ስለዚህ አልዞረችም። አይደለም ብትል ልፋቷ ገደል ሊገባ ነው። ነው ብትል ማንነቱ ይታወቅና ቃሏን ልትበላ ነው። አዳራሹ ይጠብቃታል።

"ዳድ፣ አር ዩ ሹር?" የሚል የቢታንያ ድምፅ ከኋላ ተሰማ።

"ግፊኝ፣ ልጄ።"

ይርጉ ማይክራፎኑ ጋ ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ። "ይርጉ እባላለሁ፤" አለ በእንግሊዝኛ። "በዚህ ከተማ አውቶቡስ ስነዳ ኖሬያለሁ። ካንሰር አለብኝ። ጠብታውን የምወስደው እኔ ነኝ። ይቺ ደግሞ ሚስቴ ናት፤ እኔን ይዛ ዝናብ ላይ የምትቆመው።" ከዚያ ፊቱን አዙሮ በአማርኛ ቀጠለ። "ጋሽ ሥራዬ፣ እርስዎ አልዋሹም። የደበቅነው እኛ ነን።"

ማንአልሞሽ በሠርጓ ቀን እንኳ በዚህ ሰው እንዲህ አልኮራችም።

ጋሽ ሥራዬ ተመልሰው ማይክራፎኑ ጋ ሄዱ። ሕጉን አሁንም እንደሚፈሩት፣ "የለም" ያሉት ግን ስሕተት እንደሆነ በአጭሩ ተናገሩ። ስብሰባው ሲያበቃ መጥተው ይርጉ አጠገብ ጎንበስ አሉ።

"ወንድሜ፣ እንዴት ሳንጠይቅህ?"

"አፍሬ ነው፣ ጋሽዬ።"

"የሚያሳፍረውስ እኛ ሳንጠይቅህ መቅረታችን ነው።" ወደ ማንአልሞሽ ቀና አሉ። "ነገ ከአምልኮ በኋላ ምእመናኑን ይዤ ልምጣ። መቼ ይመቻችኋል?"

ከአምልኮ መልስ ያለው ሰዓት የጠብታው ሰዓት ነው። ማንአልሞሽ አመሻሽ ላይ ኑ ልትል ነበር፤ ያኔ ይርጉ ጠብታውን ወስዶ፣ ታጥቦ፣ ብርድ ልብሱን ለብሶ አልጋው ላይ ይጠብቃቸዋል። ባሏን አየችው። ኮፍያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እሷኑ ያያል።

"ልክ ከአምልኮ እንደወጣችሁ ኑ፤" አለች። "ከአጥሩ ውጭ መንገድ ዳር ታገኙናላችሁ። ዣንጥላ ይዛችሁ ኑ።"