ሰባን ያላለፈው ቁጥር

ዋስ መሆን ክብር ነው የሚል ሰው ካለ ይምጣና እኔን ያነጋግረኝ። ለገዛ ባሌ ዋስ ሆኜ፣ ጋቢና ተቀምጬ፣ ዓይኔን ከዳሽቦርዱ ሳልነቅል በደብረ ማርቆስና በደምበጫ መሀል ስመላለስ ከረምኩ። ሌላው ተሳፋሪ በመስኮት አገር ያያል፤ እኔ የፍጥነት መለኪያ አያለሁ።

ነገሩ የመጣው ከአደጋው ነው። ባሌ ይስማው የሚነዳትን ሚኒባስ ቁልቁለት ላይ ሲያከንፋት ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እግዜር ይመስገን የሞተ የለም። የታላቅ እህቴ የዜማ እግር ግን ተሰበረ፤ ብረት ቢገባለትም እንደ ድሮው አልሆነም። ዜማ ማለት እናታችን ካረፈች ጀምሮ አዝላ ያሳደገችኝ፣ እኔን እስክትድር ብላ የራሷን ትዳር ያሳለፈች ሴት ናት። ይስማው ሆስፒታል ሊጠይቃት ሄዶ «የፍጥነት መለኪያው መርፌ እኮ ሰማንያ ላይ ነበር» ሲላት፣ «ከኋላህ ሆኜ አይቼዋለሁ፤ መቶን አልፏል» አለችው። በዚሁ ተኳረፉ። ከዚያ ወዲያ መኪና የሚባል ነገር አልሳፈርም አለች። ከደምበጫ በርበሬ እያመጣች ትነግድ የነበረች ሴት እቤቷ ቁጭ አለች።

ሽማግሌ ተቀመጠ። የንስሐ አባታችን አባ አምደሚካኤል ይስማውን «ልጄ፣ ከእንግዲህ ከሰባ እንዳታልፍ» አሉት። እሺ አለ፤ መስቀል ተሳለመ። ዋስ ጥራ ሲባል የአጎቱን ልጅ ጠራ። ዜማ ግን «እህቴ እስከዳር ትሁንልኝ። እኔ የማምነው እሷን ነው» አለች። ሚስት ለባሏ ዋስ ስትሆን የት ታይቶ ያውቃል ብለው ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን ኩራት ኩራት አለኝና ተቀበልኩ። ዜማ ገበያ በምትሄድበት ቀን እኔ ጋቢና ሆኜ መለኪያውን ልጠብቅ፣ እሷ ከኋላ ትቀመጥ ተባለ።

ያኔ መለኪያው ባለመርፌ ነበር። መርፌዋ መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ትንቀጠቀጣለች። እኔ ከጎን ሆኜ ሳያት ሰባን ያለፈች ትመስለኛለች፤ ይስማው ደግሞ «ፊት ለፊት ሆነሽ እያት እንጂ፣ ከጎን ሲያዩአት ታዛባለች» ይለኛል። አንገቴን ወደሱ አስግጌ ሳይ እውነቱን ነው። ምን ዋጋ አለው፣ እንደገና ስቀመጥ እንደገና ያለፈች ይመስለኛል። መንገዱን ሙሉ «ቀንስ!» «አላለፍኩም!» ስንባባል ዜማ ከኋላ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ተሳፋሪው ይስቅብናል። «ጋቢና የተቀመጠችው ትራፊክ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ይስማው አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ዳሽቦርዱ ተለውጧል። መርፌዋ የለችም፤ በቦታዋ አረንጓዴ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ይበራል። «በይ እንግዲህ፣ ዲጂታል ነው። ከጎንም እይው ከላይም እይው፣ ሃምሳ ካለ ሃምሳ ነው» አለኝ። አንገቱን አቅፌ ሳምኩት። ለእህቴ ብሎ አስለወጠው እያልኩ ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። ዜማን ራሴ እጇን ይዤ ወስጄ አሳየኋት።

«እታለሜ፣ ይኸው ቁጥር ነው። ከእንግዲህ ክርክር የለም» አልኳት።

«አንቺ ካየሽው ይበቃኛል» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ዜማን መንገድ ላይ እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ጭንቅላቷ መስኮቱ ላይ ዘንበል ሲል በመስታወቱ አይና አንጀቴ ይርሳል። አንዳንዴ ዛፉ ከወትሮው በላይ የሚሮጥ ይመስለኛል፤ ቁጥሩን ሳይ ስልሳ አምስት ይላል። አንቺ ፈሪ ብዬ ራሴን እቆጣለሁ። ከገዛ ሆዴ ይልቅ ያንን አረንጓዴ ቁጥር አመንኩት።

ባለፈው የገበያ ቀን ደምበጫ ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። በእጁ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ይዟል።

«ዘጠና ስድስት» አለ።

ደሜ ፈላ። «ማን? እኛ? ስልሳ ስምንት ነበርን! ዓይኔን አልነቀልኩም!»

«እህቴ፣ መሣሪያው ያነበበውን ነው የምነግርሽ።»

«መሣሪያህን አስመርምረው! እኛም መሣሪያ አለን!» ብዬ በሩን በርግጄ ወረድኩ። «እመብርሃንን! ሰባን አላለፈም! አልፎ ከሆነ ዓይኔ ይጥፋ!»

ተሳፋሪውም «እውነቷን ነው፣ እሷ እኮ ከቁጥሩ ላይ ዓይኗን አታነሳም» እያለ አገዘኝ። ዜማ ከእንቅልፏ ነቅታ በመስኮት ታየኛለች። ፖሊሱ ሳይቆጣ መሣሪያውን አዙሮ አሳየኝ። ዘጠና ስድስት ይላል። ወደ ይስማው ዞርኩና «ምን ይጎልትሃል፣ ተናገር እንጂ!» አልኩት።

ይስማው እኮ ከትራፊክ ጋር ሳይጨቃጨቅ የማያድር ሰው ነው። ጥፋቱን እያወቀ እንኳ ይከራከራል፤ ሲከራከር ደግሞ ደስ ይለዋል። ያን ቀን መንጃ ፈቃዱን አውጥቶ በመስኮት ሰጠ። አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ።

ፖሊሱ ቀጥቶን ወደ ሌላ መኪና ሲሄድ፣ «ምንድን ነው ያደረግኸው?» አልኩት።

ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም። «ሲያስገጥሙልኝ አሳንሶ እንዲያነብ አስተካከሉልኝ» አለ። «ምን ላድርግ? በሰባ ስሄድ ሌሎቹ ቀድመውኝ ሰው ያነሳሉ። አንቺም አረፍሽ፣ እሷም አረፈች። ማን ተጎዳ?»

ሌላ ሴት ይዞብኝ ቢሆን እንዲህ የሚያመኝ አይመስለኝም። ሌላ ሴት ቢይዝ የባለገው የራሱ ዓይን ነበር። እሱ ግን የእኔን ዓይን ነው የሰረቀኝ። እህቴን ያስተኛት በእኔ ዓይን ነው፤ አቅፌ ስስመውም ዝም ብሎ ተሳመልኝ። ከሁሉ ያበገነኝ ያ መሳሜ ነው።

አፌ ያመጣውን ልነግረው ስል የኋላው በር ተንሸራቶ ተከፈተ። ዜማ ዘንቢሏን ይዛ፣ ደህና እግሯን አስቀድማ ወረደች። ማንንም ሳታይ የመንገዱን ዳር ይዛ ወደ ደምበጫ መራመድ ጀመረች። ሮጬ ደረስኩባት።

«እታለሜ፣ ቆይ! እኔ አላወቅኩም!»

«በዓይንሽ እያየሽ?»

«ቁጥሩ ነው ያታለለኝ። እሱ ነው...»

«እሱንማ አውቀዋለሁ» አለች እየተራመደች። «እሱ እግሬን ሲሰብረው ነቅቼ ነበር። አንቺ ነሽ ተኚ ያልሽኝ።»

«እመብርሃንን አላወቅኩም!»

ቆመች። ከልጅነቴ ጀምሮ በዚያ ዓይን አይታኝ አታውቅም።

«አሁን ለፖሊሱም በእመብርሃን ምለሽለት ነበር» አለችኝ።

ከኋላችን ይስማው ክላክስ ነፋ፤ ቀጥሎም ተሳፋሪው ገበያው ረፈደብን ብሎት መሰለኝ፣ በጎናችን አልፎ ሄደ። ዜማ ቀና ብላም አላየችውም። ጭነት የያዘ የፈረስ ጋሪ ሲመጣ እጇን አንስታ አስቆመች፤ ባለጋሪው ወርዶ ክንዷን ደግፎ አወጣት። ከጎኗ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ነበር። ልወጣ የጋሪውን ጠርዝ ስይዝ፣ ጭኗ ላይ የነበረውን ዘንቢል አንስታ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።