የማለዳው ብልቃጥ

«እሱ አላየሁም አለ። እናቴ፣ እርስዎስ? ሽንቱ አረፋ ያወጣል?»

ነርሷ ስለ ልጁ የጠየቀችው እናትየውን ነው። ሕፃን ሳለ እያንዳንዱን ጨርቁን አገላብጣ አይታ ታጥብ ነበር። አሁን ጢም ያወጣ ብረት በያጅ ነው፤ በሩን ዘግቶ ነው የሚሸናው።

ትኩሳቱ ከለቀቀው ገና ሳምንቱ ነበር። ነርሷ በሽንቱ ፕሮቲን እንደተገኘ፣ ትኩሳቱን ያመጣበት ቫይረስ አንዳንዴ ኩላሊትንም እንደሚነካ ነገረቻቸው።

«ነገ የማለዳውን የመጀመሪያ ሽንት አምጣ። ካልጠራ፣ ሥራ ይግባ ብዬ አልፈርምም።»

በማግስቱ ማለዳ ልጁ ነርሷ የሰጠችውን ባዶ ብልቃጥ ለእናቱ ዘረጋላት።

«አንቺ ሽኚበት።»

«አብደሃል?»

«እማ፣ ወደ ሥራው የሚወስደን መኪና ዛሬ ረፋድ ላይ ይነሳል። ከቀረሁ ሌላ በያጅ ይዘው ይሄዳሉ። ያንቺ ደግሞ የምንጭ ውኃ ነው።»

«ዝም በል፣ ባለጌ!»

እንዲህ አለች እንጂ ብልቃጡን ተቀበለችው። ይህን ሥራ ያገኘው ስንት ደጅ ጠንቶ እንደሆነ ታውቃለች። እሱን ስታስታምም እሷንም ብርድ ብርድ ብሏት ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጣል፣ ጫማዋ ይጠብባታል። እንቅልፍ ማጣት ነው ብላ ትታዋለች።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ውጤቱን ይዛ ስትወጣ ፊቷ ከብዶ ነበር።

«ከትናንቱ እጅግ ብሷል። ዛሬውኑ አልጋ ይዞ መተኛት አለበት።»

ልጁ ወደ እናቱ ዞረ። ያበጡ ዓይኖቿን ገና አሁን አያቸው። እሷ ግን ክንዱን ያዘችው።

«እሺ በላት፣ ልጄ። ተኛ። አንተም እኮ አልዳንክም» አለችው ቀስ ብላ።

«የሷ ነው» አለ ልጁ።

«ምኑ?» አለች ነርሷ።

«ሽንቱ። እኔ ነኝ ያስገደድኳት።»

«ጉድ ፈላ! በኔ ነው የምትቀልዱት?»

ነርሷ ተቆጥታ ሳትጨርስ ጎንበስ አለችና የእናትየውን ቁርጭምጭሚት በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ስታነሳ ስርጉዱ እዚያው ቀረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ እናቴ?»

«ድካም ነው እኮ። እሱን እዩልኝ።»

«ሁለታችሁንም ነው የማየው» አለችና ለልጁ ሌላ ብልቃጥ ሰጠችው።

ስልኩ ጮኸ። ሾፌሩ ነው።

«አንተ በያጅ፣ የት ተጎልተህ ነው? ሞተር አስነስተናል!»

ልጁ እናቱን አየ፤ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀምጣለች።

«ሂዱ» አለው።

መኪናው ሄደ። እናትና ልጅ ቀሩ።