የእማማ ሽታዬ ጧሪ

የሺዋስ ተቀምጦ ከሄደ በኋላ ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ። ሰውየው ቆሻሻ ሆኖ አይደለም፤ ሽቶ ይቀባል፣ ጫማው ከዓመት እስከ ዓመት አቧራ አያውቅም። ቢሆንም ያንገሸግሸኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ ውሉን እየጻፍኩለት፣ ዋጋዬን እየተቀበልኩ፣ ወንበሩን ስወለውል ኖሬአለሁ። ይህን መጀመሪያ የምናገረው እኔም ከእሱ የተሻልኩ ሰው እንዳልመስላችሁ ነው።

ሥራነሽ እባላለሁ። ማርቆስ ውስጥ ፍርድ ቤት አጠገብ ካሉት የቆርቆሮ ሱቆች በአንዷ ኮምፒውተርና ማተሚያ አስቀምጬ ውልና ማመልከቻ እጽፋለሁ። የየሺዋስ ሥራ ደግሞ ቤት ገዝቶ፣ አሳምሮ፣ መሸጥ ነው። ማሳመር ሲባል እንዳትሸወዱ። ምስጥ የበላውን ምሰሶ ሳይነካ ፊት ለፊቱን ብቻ በሲሚንቶ ይለስነዋል፣ ቢጫ ቀለም ያስቀባዋል፣ የብረት በር ይገጥምለታል፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ይሸጠዋል። ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲያብጥ ገዢው ስልክ ይደውላል፤ የሺዋስ አያነሳም። የሚገዛውም ከማንም አይደለም። ከተማው ዳር ዳር ይዞርና ባል የሞተባት፣ ልጅ ያልወጣላት፣ ዐይኗ የደከመ ሴት የት እንዳለች ያጠያይቃል።

ከከተማው ክልል ውጭ ያለ ቤት ግን አንድ ጣጣ አለው። መሬቱ የገበሬ ነው፤ ካርታ የለውም፣ ያለው የይዞታ ደብተር ነው። የገበሬ መሬት ደግሞ አይሸጥም። ሻጭና ገዢ ቢስማሙ እንኳ ደብተሩ በገዢው ስም አይዞርም። ለልጅ ሲወረስ ይዞራል፤ ባለይዞታው ለሚጦረው ሰው በስጦታ ሲሰጥ ይዞራል። ስለዚህ ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሽያጭ የሚል ቃል አይገባም። ገዢው ጧሪ ይባላል። እንዲህ ያለውን ወረቀት ከእኔ አሳምሮ የሚጽፍ ማርቆስ ውስጥ የለም።

እማማ ሽታዬን በጥር መጨረሻ አመጣቸው። ወደ ሮብ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሆናቸው፣ የታጠበ ነጠላ የለበሱ ሴት ናቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ከማስፈረሜ በፊት ማንበብ አለብኝ፤ አነበብኩላቸው።

«አቶ የሺዋስ ላለፉት አምስት ዓመታት እያበላና እያለበሰ ሲጦረኝ የቆየ፣ ወደፊትም እስከ ዕለተ ሞቴ የሚጦረኝ በመሆኑ፣ ቤቴንና ይዞታዬን በስጦታ ሰጥቼዋለሁ።»

«አምስት ዓመት?» አሉ እማማ ሽታዬ። «ይህን ልጅ ያወቅሁት በጥምቀት ማግስት አይደለም ወይ?»

«የሕግ አጻጻፍ ነው፣ እማማ» አላቸው የሺዋስ ፈገግ ብሎ።

«እንግዲህ የሕግ ሰዎች ታውቃላችሁ። እስቲ ልጄ፣ ያችን የመጨረሻይቱን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። ዋጋው አንሶ የተስማሙት ለዚህ ነበር፤ ጓዳውን ሳይለቁ እስኪሞቱ ይጦረኛል ብለው። ሌሎቹ ሻጮች ይህች ቃል ለመንግሥት የተጻፈች መሆኗን ከየሺዋስ ጥቅሻ ይረዱ ነበር። እሳቸው አልገባቸውም። አለመግባቱን አየሁ፤ አይቼም ቀለሙን ወደ አውራ ጣታቸው አስጠጋሁ። አሻራቸውን አድርገው ሲነሡ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ብለው መረቁኝ። የሺዋስ ሳቁን ለመያዝ ወደ መንገዱ ዞረ።

ዓቢይ ጾም ከገባ በኋላ መሪጌታ አካለ ወልድ ማመልከቻ ሊያጽፉ መጡ። በእማማ ሽታዬ ሰፈር ባለው ደብር ቅኔ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው።

«ሽታዬ ጉድ ሠራች እኮ» አሉኝ ደስ ብሏቸው። «ሞቼ ማን ይዘክርልኛል ብላ ጾሙ ሳይገባ የቁም ተዝካሯን አወጣች! ሁለት ሰንጋ ጣለች። ካህኑ በላ፣ ተማሪው በላ፣ መንገደኛው ሳይቀር በላ።»

«በምን ገንዘብ?»

«በቤቱ ዋጋ ነዋ። ትንሽ አታስቀሪም ወይ ብላት፣ ምን ያደርግልኛል፣ ጧሪ አለኝ አለችኝ።»

ማመልከቻቸውን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ነገሩ ግን የእኔ አይደለም ብዬ ተውኩት። እንዲህ ያለው ነገር መቼም የማንም አይደለም።

በዳግማይ ትንሣኤ ሳምንት እማማ ሽታዬ ራሳቸው መጡ፤ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው። ጉንጫቸው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ መቀነታቸው ወገባቸው ላይ ብዙ ዞሯል።

«ልጄ፣ ያ ወረቀት ላይ ቀኑ አለ?» አሉኝ። «መጦሩን የሚጀምርበት። የረሳሁት እንደሆን ብዬ ነው።»

ዳቦ አስመጣሁ፤ «በልቼ ነው የመጣሁ» ብለው አልነካም አሉ። ውኃውን ግን ሦስት ኩባያ ጠጡት።

«ጎረቤቶችዎስ እንዴት ናቸው?» አልኳቸው።

«ደኅና ናቸው። ድሮ ሲፈጩ ቁና ያደርሱልኝ ነበር፤ አሁን ተዉት። ባለ መኪና ጧሪ አለሽ እያሉ ይቀኑብኛል» ብለው በኩራት ሳቁ።

የኔ ወረቀት ነበር ጎረቤቱን ያስቆመው።

ለየሺዋስ ደወልኩ። እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

«አሮጊቷ አመነችው እንዴ? እኔ ገንዘቧን ቆጥሬ ሰጥቻታለሁ፣ እታለም። ተዝካር ደግሺ ያልኳት እኔ ነኝ?»

አላለም። እሱም አላለም፣ እኔም አላልኩም። ማንም ጥፋተኛ ሳይሆን አንዲት ሴት ትራብ ነበር። ስልኩን ዘጋሁና ለእማማ ሽታዬ በመሪጌታ በኩል ስሜን ሳላስጠራ ጥቂት ዱቄት ላክሁ። «ከማላውቀው ሰው ምጽዋት አልቀበልም» ብለው መለሱት።

ሰኔ ላይ ነገሩ ገፋ። አበባው የሚባል የደጀን ነጋዴ ቤቱን ወዶታል፤ ግን ጠንቃቃ ነው። ደብተሩ በየሺዋስ ስም ካልዞረ፣ ቤቱም ባዶ ካልሆነ አልገዛም አለ። የሺዋስ ስም ለማዞር አመለከተ። የመሬት ጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ስጦታ ሰጪዋ፣ ጎረቤቶቿና ወረቀቱን የጻፈችው ቀርበው መጦሩን ያረጋግጡ አለ።

ከቀጠሮው በፊት የሺዋስ በመኪናው ይዞኝ ወደ እማማ ሽታዬ ሄደ። ወረቀቱን ደግሜ እንዳነብላቸው ነው፤ ቃል እንዳያምታቱ። ቤቱ ከፊት ቢጫ ሆኗል፤ የቀለሙ ሽታ ገና ከሩቅ ይመታል። እማማ ሽታዬ በትልቁ በር እንዳይገቡ የሺዋስ ስለከለከላቸው እኛም በጓሮ ዞረን ገባን። ጓዳው ውስጥ ማሰሮዎቹ ሁሉ ተደፍተዋል፤ ምድጃው ላይ ያለው አመድ ቀዝቃዛ ነው። በጣቴ ነክቼ ነው ያወቅሁት።

የሺዋስ ዘይት፣ አንድ ከረጢት ዱቄትና የዋጋ ወረቀቱ ገና ያልተነሣለት ሻሽ አቀረበ። አፍንጫውን እየጠረገ ነበር የሚያወራው፤ የጓዳው ሽታ አልተስማማውም።

«እማማ፣ ይጦረኛል ይበሉ። ሌላ ነገር የለውም። ስሙ ሲዞር በየወሩ አመጣለሁ።»

«ጀመርክ ማለት ነው?» አሉት።

«ጀመርኩ።»

እጁን ይዘው ሳሙት።

ስንመለስ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ «ቤቱን የት አባቷ ሄዳ ትለቃለች ብለሽ ተጨንቀሽ እንደሆነ፣ ክረምቱን አታልፈውም፤ አላየሻትም?» አለኝ። የሬዲዮውን ድምፅ ከፍ አደረገ።

በቀጠሮው ቀን ክፍሉ ሞልቶ ነበር። ጎረቤቶች አሉ፣ መሪጌታ አካለ ወልድ አሉ፣ ደብሩን የሚያገለግሉ ሁለት ካህናት አሉ። እማማ ሽታዬ አዲሱን ሻሽ አስረው ፊት ተቀመጡ። ወጣቱ ኃላፊ በትሕትና ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ይህ ሰው ይጦርዎታል?»

«አዎን፣ ይጦረኛል።»

«ምን ምን ያደርግልዎታል?»

ከዱቄቱና ከዘይቱ አያልፉም ብዬ ነበር። እማማ ሽታዬ ግን ዐይናቸውን ጨፈን አደረጉ።

«ምን ያላደረገልኝ አለ። ጤፉን ማኛውን ያመጣል። ምስሩን ተከክቶ፣ ሽሮውን ተቀምሞ። ለፋሲካ ዶሮ አመጣልኝ፤ ቀይ ዶሮ፣ ከነእንቁላሉ። ቅቤውን በቅል ሙሉ። ማር እንኳ አልቀረብኝም። ድንቹን አልወደውም እለዋለሁ፣ እሱ ግን ያመጣዋል። ትኩስ ዳቦም… በኮባ የተጋገረ…»

ጎረቤቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ግን ሰው እንደዚያ ቀስ አድርጎ፣ ምራቁን እየዋጠ ምግብ ሲቆጥር ሰምቼ አላውቅም። ለየሺዋስ ብለው እንዳልሆነ ገባኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተዝካራቸውን የበላ ነው፤ እነሱ ፊት ርቦኛል ከማለት ሞታቸውን ይመርጣሉ። የሺዋስ እግሩን አጣምሮ ጥፍሩን ያያል።

ተነሣሁ።

«ውሸት ነው» አልኩ።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«ወረቀቱን የጻፍኩት ነኝ። ስጽፈው ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። ሽያጭ ነው። ይህ ሰው ጦሯቸው አያውቅም። ምድጃቸውን ሄዳችሁ እዩት፤ እሳት ከነደደበት ቆይቷል። እኒህ ሴት እየተራቡ ነው።»

መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። የሺዋስ «አብዳለች!» ብሎ ጮኸ፤ ስንት እንደከፈለኝ ሲናገር ግን ራሱን በራሱ አጋለጠ። ኃላፊው ብዙ ጠየቀኝ፤ አንድም አልደበቅሁም። ጸሐፊው ሁሉንም በኮምፒውተር እየመታ መዘገበው። ስጦታው አይመዘገብም፣ ደብተሩ በእማማ ሽታዬ ስም ይቆያል፣ የየሺዋስና የእኔ ነገር ለዐቃቤ ሕግ ይተላለፋል ተባለ። ሥራዬን እንደማጣ ዐወቅሁ፤ የእስሩን ነገር እንጃ። ቢሆንም ከስድስት ዓመት በኋላ ትንሽ የጸዳሁ መስሎኝ ወጣሁ።

እማማ ሽታዬ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጎረቤቶቹ ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ሊቀርቧቸው አፍረዋል። ሻሹን ፈትተው ጭናቸው ላይ አድርገውታል።

«እማማ፣ ቤትዎ ተመለሰልዎት» አልኳቸው።

«ምን በድዬሽ ነው?» አሉኝ።

«እንዴት?»

«ቤቱን ማን ጠየቀሽ? ተርባለች አልሽኝ። መሪጌታ ፊት። ካህናቱ ፊት። ያበላኋቸው ሰዎች ፊት ተርባለች አልሽኝ፤ ደግሞም በጽሕፈት መኪና አስጻፍሽብኝ። ስሞት እንኳ ያ ወረቀት ይኖራል። ግቢና አስፍቂው። ሽታዬ ተርባ አታውቅም በያቸው።»

ገባሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን አትሞ ጨርሷል። «ስጦታ ሰጪዋ የሚቀምሱት አጥተው ለረሀብ የተጋለጡ መሆኑ ስለተረጋገጠ» ይላል፤ ኃላፊው ፈርሞበታል። ይህችን መስመር ብቻ ብታወጡልኝ ብዬ ለመንኩ። ውሳኔው የቆመው በእሷ ላይ ነው፣ እሷ ከወጣች ቤቱም ይሄዳል አለኝ። እውነቱን ነው።

ወጣሁና አጠገባቸው ተንበረከክሁ።

«አስፍቄዋለሁ» አልኳቸው።

ፊቴን ለረጅም ጊዜ አዩት። የደከመ ዐይናቸው ምን እንዳየ አላውቅም።

«ማኅተሙንስ አደረጉበት?»

«አድርገውበታል።»

ያኔ ሻሹን ድንጋዩ ላይ ትተው ተነሡና፣ ጎረቤቶቻቸውን ቀና ብለው እየተሰናበቱ ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመሩ።