ሙሽራዋ ዝም ትላለች

የካናዳዋ ካልጋሪ ለፊልሙ ሲባል አሰላ ውስጥ የተሠራችው ከአንድ የእህል መጋዘን፣ ከሁለት ፍራሽ ሙሉ ጥጥና ጭላሎ ተራራ በነፃ ከለገሰው ጉም ነው። ዳይሬክተሩ ዕዝራ ከአዲስ አበባ ካሜራ ተከራይቶ የመጣ፣ ገንዘብ ባነሰው ቁጥር «ሪያሊዝም ነው» የሚል ሰው ነበር። ሙሽራዋ ሰገነት ላይ ቆማ የምታለቅስበት ትዕይንት ሰገነት ስለታጣ በርጩማ ላይ ተቀረጸ፤ ሪያሊዝም። ሙሽራዋን የምትጫወተው ሰኪና ናት፤ አባቷን የሚጫወት ሰው ሲጠፋ ደግሞ የሰኪና እውነተኛ አባት አቶ አማን ተጠሩ። ከዚህ በላይ ሪያሊዝም ከየት ይመጣል?

ሰኪና አሰላ ገበያ ዳር የስልክ ሽፋንና ቻርጀር ትሸጣለች። በተማሪነቷ በድራማ ክበብ ንግሥትም ሽፍታም ሆና ተጫውታለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን መድረክ የሚባል ነገር በሩቅም አላያት። ትወናው ሆዷ ውስጥ እንደተዳፈነ ፍም ቀርቶ ነበር።

ፍሙን የቆሰቆሰው ኢብሳ ነው። ኢብሳ ሮቤ ተወልዶ፣ ካልጋሪ ከባድ መኪና እየነዳ የሚኖር፣ የዚህ ፊልም ገንዘብ አውጪና ዋና ተዋናይ ነው። አምና ይኸው ሰው ፎቶዋን አይቶ በእውነተኛው ዓለም ሽማግሌ ልኮባት ነበር። «አላውቀውም። ሱቄንም አልዘጋም» አለች፤ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ። ዘንድሮ ራሱ መጣ፤ ፊልም ይዞ።

ሰኪና ስክሪፕቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ከውጭ የመጣው ሰው በቤተሰብ ስምምነት ሊያገባት ይመጣል፤ ልጅቷ በኒካሁ፣ ጋብቻው በሚታሰርበት ቀን «አልፈልግም» ብላ ትነሳለች። ሰው በገዛ ገንዘቡ እምቢ ሲባል መቀረጽ ከወደደ እኔ ምን አገባኝ ብላ ፈረመች። ያቺን «አልፈልግም» በመስታወት ፊት፣ በሱቋ፣ በባጃጅ ውስጥ ስትለማመዳት ሰነበተች።

የኒካሁ ትዕይንት በሚቀረጽበት ጠዋት ዕዝራ ጆሮውን እያከከ ቀረባት።

«ሰኪናዬ፣ ስክሪፕቱ ትንሽ ተሻሽሏል።»

«ምኑ?»

«እምቢታው ወጥቷል። ሼሁ ሲጠይቁሽ ዝም ትያለሽ። አንድ እንባ፣ በቃ። ኢብሳ ‹ተመልካቹ ደስ ብሎት ይውጣ› ብሏል። ገንዘቡ የእሱ ነው እንግዲህ።»

ልትከራከር አፏን ስትከፍት ምንጣፉ ላይ የተቀመጡትን ሰው አየች። በልምምዱ ሁሉ ሼህ ሆኖ የሚቀመጠው የድምፅ ባለሙያው ነህምያ ነበር፤ ጢሙም ከካልጋሪ በረዶ የተቆነጠረ ጥጥ። ዛሬ የተቀመጡት ሰው ጢም ግን የራሳቸው ነው። ከሲሬ የመጡት ሼህ ጅብሪል ናቸው፤ የአክስቷን ልጆች ሁሉ ኒካህ ያሰሩት።

ዕዝራ የማያውቀውን አሰላ ውስጥ ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ኒካህ በቀልድም ቢታሰር የታሰረ ነው። ወሊዋ ማለትም አባቷ ከሰጠ፣ ሙሽራው ከተቀበለ፣ ምስክሮች ከሰሙ፣ ልጅቷም ተጠይቃ ዝም ካለች፣ የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነውና፣ በኋላ «ፊልም እኮ ነበር» ማለት አያዋጣም። ሰኪና ዙሪያዋን ቃኘች። ወሊው አለ። ሙሽራው አለ። ምስክሮቹ ካፖርታቸውን ለብሰው ተሰልፈዋል። የጎደለው የእሷ ዝምታ ብቻ ነበር፤ እሱም ስክሪፕቱ ላይ ገብቶላታል።

አባቷን ከመጋረጃው ጀርባ አገኘቻቸው።

«አባ፣ ሼህ ጅብሪልን ማን ጠራቸው?»

አቶ አማን የተዋሱትን ኮት ቁልፍ መፈታታት ያዙ። «ልጁ ነው፤ ኢብሳ።»

«ምን ብሎ?»

«ሰርግ አለ ብሎ። ካሜራው የሰርግ ቪዲዮ ነው ብሏቸዋል መሰለኝ።»

«እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ሲሉ። «ልጁ ክፉ አይደለም። ይህን ሁሉ አገር አቋርጦ መጣ። እኔንም ‹ፊልም ነው› አለኝ። ፊልም ከሆነ ፊልም ነው፣ ካልሆነም… አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። ያልጠየቃችሁት እኔን ነው።»

አቶ አማን ቁልፉን መልሰው ቆለፉት።

ጥላቸው መሄድ ትችል ነበር። ጫማዋ በሩ አጠገብ ነው። ግን ብትሄድ ነገ ሽማግሌዎቹ ይመለሳሉ፤ ከነገ ወዲያም። አንዴ፣ በሁሉም ፊት፣ ልትናገረው ቆረጠች። ሻሿን አጥብቃ ገብታ ተቀመጠች።

«አክሽን» አለ ዕዝራ።

ሼህ ጅብሪል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ ይህ ሰው ለኒካህ ጠይቆሻል። አባትሽ ይስጥሽ?»

«አይስጡኝ። አልፈልግም።»

«ካት። ሰኪና፣ ዝም ነው የተባልሽው። እንደገና።»

እንደገና ተጠየቀች። «አልፈልግም» አለች፤ ከፊተኛው ረጋ ብላ።

«ካት።»

በሦስተኛው ማንም እንዳይሳሳት ያንኑ መልስ በኦሮምኛ አደረገችው። «ላኪ። ሂን ፌዱ።»

ሼህ ጅብሪል ወደ ዕዝራ ዞሩ። «ቆይ፣ ልጅቷ በተናገረች ቁጥር ‹ካት› እያለ የሚያቋርጣት ይሄ ልጅ ማነው? የሙሽራው ወንድም ነው?»

ነህምያ ሳቁን በማይክራፎኑ ሸፈነ፤ መሸፈኛ ሊሆነው ባይችልም።

ኢብሳ ከአዲስ ሱፉ ውስጥ ወደ ሰኪና ጎንበስ አለ። «ፊልም እኮ ነው። ፊልም ላይ ዝም ማለት ምን ይከብዳል?»

«ፊልም ከሆነ ለነህምያ ጥጡን ለጥፍለትና በሼሁ ቦታ አስቀምጠው። ያኔ እስኪመሽ ዝም እልልሃለሁ።»

የተሠራው ነገር ለሼህ ጅብሪል የገባቸው ያን ጊዜ ነው። አልጮኹም። ሙሽራውን ትኩር ብለው አዩት።

«በእኔ እጅ ልትሰርቃት ነበር?»

«ሼህ፣ እኔ…» አለ ኢብሳ፤ ላቡን በክራቫቱ ጠረገ። «አምና በደንብ ጠየቅሁ፣ እምቢ አለች። እዚያ ካናዳ ቤቴ ስገባ ‹መጣህ?› የሚለኝ የለም። አንዴ ከታሰረ ትለምደኛለች ብዬ ነው።»

ሰኪና ለአፍታ አዘነችለት። ማዘኗ ግን ከምንጣፉ አላነቃነቃትም። «ብቸኝነትህን ሰማሁ። መድኃኒቱ እኔ አይደለሁም።»

ሼህ ጅብሪል ወደ አባቷ ዞሩ። «አማን፣ ወሊዋ አንተ ነህ። እሷ ተናግራለች። አንተስ?»

አቶ አማን በፊልሙ ሁሉ የቀበሌ ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ነበር የሚናገሩት፤ ዕዝራ በእሳቸው ምክንያት ጨጓራውን ታሟል። አሁን ተነሱ። እንደ ቀረጻው ጊዜ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉ አልጠየቁም።

«ልጄ አልፈቀደችም» አሉ። «ፊልም ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በፊልምም በእውነትም አልሰጠሁም። ምስክሮቹ ይስሙ፤ ያም ማሽን ይስማ።»

ካሜራው ይሠራ ነበር። ዕዝራ ማቆም ረስቶ አፉን ከፍቷል።

ሼህ ጅብሪል ለልጅቷ ዱዓ አድርገው ወጡ፤ ኢብሳም ራሱን ደፍቶ ሊሸኛቸው ተከተላቸው። አባትና ልጅ ጭቃውን እየዘለሉ ወደ ቤት አቀኑ። አቶ አማን የተዋሱትን ኮት ጫፍ ከጭቃው ሰበሰቡ።

«ፊልሙስ ቀረ?»

«ለምን ይቀራል? ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሥራዬ ነው።»

«ከሱ ጋር?»

«ከካሜራው ጋር። እሱ የሚቀርበኝ ‹አክሽን› ሲባል ነው፤ ‹ካት› ሲባል ይርቃል። ነገ ከሁሉም በፊት ይህንን አስፈርመዋለሁ።»

አቶ አማን አገጫቸውን እያሻሹ ትንሽ ተራመዱ። «እኔስ ልምጣ?»

«እንደ ዛሬው የሚናገሩ ከሆነ ይምጡ» አለች ሰኪና፤ ኩሬውን እንዲሻገሩ ክንዳቸውን እየያዘች።